ማንቂያው ማንን ያንቃ?

ጤና ይስጥልኝ። የተሰጠኝ ርእስ ረጅም ነው፤ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ በሚያወጣቸው ማንቂያዎች የኩላሊት ሕሙማን ወደ ስፔሻሊስት የሚላኩበትን መንገድ ስለማሻሻል ይላል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት፦ ኮምፒውተሩ የአንድ ሰው ኩላሊት እየደከመ መሄዱን ካወቀ ለማን ይንገር?

ጥያቄውን ያመጡብኝ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውንም ያገኘኋቸውን ሆስፒታልም አልጠራም። ድንገተኛ ክፍል የደረሱት ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እግራቸው አብጦ፣ የምግብ ሽታ እንኳ እያቅለሸለሻቸው ነበር። በዚያው ሌሊት አንገታቸው ላይ ካቴተር የሚባል ቱቦ ገብቶላቸው የኩላሊት እጥበት ጀመሩ። ሲነጋ መዝገባቸውን ከፈትኩ። ለዓመታት ደም ሲሰጡ ኖረዋል፤ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ አንድ ጊዜም ለዐይን ቀዶ ሕክምና። ክሪያቲኒናቸው በየገጹ ተጽፏል። አንዱን ውጤት ብቻውን ስታዩት አያስደነግጥም። ወረቀት አንሥቼ ቁጥሮቹን ነጥብ በነጥብ ስደረድራቸው ግን ቁልቁለት ሆኑ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ስድስት ሐኪሞች አግኝተዋቸዋል። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን ወደ እኔ የመጡት ጉልበታቸውን አሟቸው ነው፤ እኔም ያወራሁት ስለ ጉልበታቸው ነው። ይባስ ብዬ ማስታገሻ ጻፍኩላቸው፤ ያውም ለደከመ ኩላሊት ከማይስማሙት መድኃኒቶች አንዱን። መረጃው እጄ ላይ ነበር። ያላየሁት ስለጠፋ ሳይሆን ተበታትኖ ስለተቀመጠ ነው።

የሕክምና ሙያ ለሌላችሁ፣ በተለይ ለሶፍትዌር ሰዎቹ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት እያጣራ ያስወግደዋል፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። 1.1 የሚል ውጤት ውሰዱ። ባለቤቱ የ25 ዓመት ወጣት ወንድ ከሆነ፣ በ2021 በታተመው ሲኬዲ-ኢፒአይ በሚባለው ቀመር ሲሰላ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም 95 አካባቢ ነው፤ ምንም አልሆነም። የ65 ዓመት ሴት ከሆኑ ግን ያው 1.1 ወደ 56 ያወርዳቸዋል። ላብራቶሪው ሁለቱንም «ኖርማል» ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል። በነገራችን ላይ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ በቀመር የሚገመት አቅም ኢጂኤፍአር ይባላል፤ የሚለካውም በደቂቃ በሚጣራ ሚሊ ሊትር ነው። ከ60 በታች ወርዶ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንለዋለን። ሁለተኛው ምስክር ሽንት ነው። ሽንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ግራም ክሪያቲኒን 30 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ከተገኘና ይህም ከ3 ወር በላይ ከዘለቀ፣ ኢጂኤፍአሩ ቢያምርም ኩላሊቱ ተነክቷል ማለት ነው። ሁለቱም ሲሆኑ ሰውየውን ምንም አያመውም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ግምት፣ በዚያ አገር ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ካለባቸው 10 አዋቂዎች 9ኙ ያህል እንዳለባቸው አያውቁም።

ታዲያ ለምን እንቸኩላለን? ለእጥበት የሚመከረው የደም መግቢያና መውጫ ፊስቱላ ነው፤ ክንድ ላይ የደም ቅዳና የደም መልስ ሥር በቀዶ ሕክምና ተገናኝተው የሚሠራ። ፊስቱላው ተሠርቶ በመርፌ ለመወጋት እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ያ ጊዜ የሌለው ሰው ካቴተር ይገባለታል፤ ካቴተር ደግሞ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ከእጥበት በፊት ንቅለ ተከላ የማግኘት ዕድልም አለ፤ ሰጪ የሚሆን ዘመድ ለመመርመር ግን ወራት ያስፈልጋሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ አሁን በሽታውን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉን። በ2020 የወጣው ዳፓ-ሲኬዲ የተባለው ጥናት 4,304 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ዳፓግሊፍሎዚን የወሰዱት ላይ የኩላሊት አቅም ክፉኛ የመውደቅ፣ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ላይ የመድረስ፣ ወይም በኩላሊትና በልብ ምክንያት የመሞት አደጋ ተደምሮ በ39 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒቱ የሚያድነው ገና ያልጠፋውን ኩላሊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ማንቂያ ለመሥራት የተነሣሁት በቁጭት ነው። ቁጭት ደግሞ መጥፎ የሶፍትዌር ዲዛይነር ናት።

ኢጂኤፍአር ከ60 በታች የሆነ ሕመምተኛ መዝገብ ሲከፈት መሐል ስክሪኑ ላይ ቀይ መስኮት ይመጣል፤ «የኩላሊት ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ወደ ስፔሻሊስት መላክን ያስቡ» ይላል። ሐኪሙ ካልላከ ምክንያቱን ካልጻፈ አያልፍም። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተጻፉትን ምክንያቶች አውጥቼ ሳነብ አብዛኛው ቦታ ላይ ያገኘሁት አንዲት ነጥብ ናት። ነጥብ! መስኮቱን ለማለፍ የሚበቃው ትንሹ ነገር እሱ ነበር። አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፣ «ሰምቻለሁ» ብሎ ጽፏል።

ተቆጣሁ፤ ቀጥሎ ማንቂያው ለማን ለማን እንደጮኸ ዝርዝሩን አየሁና ቁጣው ወደ ራሴ ዞረ። ተቅማጥ ይዞት ውሃ ላነሰው፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ውጤቱ ለሚስተካከል ወጣት ጮኋል። ኩላሊት ክሊኒክ ለዓመታት ሲከታተሉ ለኖሩ ሰዎች ጮኋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ላይ ለሚተኛ ሰው «የኩላሊት ሕመም ሊኖር ይችላል» ብሏል። በ85 ዓመታቸው ኢጂኤፍአራቸው 52 ላይ ሳይነቃነቅ ለቆየ፣ ሽንታቸው ንጹህ ለሆነ አዛውንት በየቀጠሮው ጮኋል። ጥሩ ሐኪም ከእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ አለማየትን።

ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት እንዳልሆነ ሳውቅ በጥቂቱ ተጽናናሁ። በ2006 በወጣ የጥናቶች ግምገማ መሠረት፣ ስለ መድኃኒት ደኅንነት ከሚመጡ ማንቂያዎች መካከል ሐኪሞች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን አልፈዋቸው ይሄዳሉ። ስለ ኩላሊት ራሱ በ2011 የታተመ አንድ ትንሽ የንጽጽር ሙከራ አለ፤ 30 የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞችና 248 ሕሙማን ነበሩበት። መዝገቡ ለአንዱ ወገን ሐኪሞች ሪፈር እንዲያደርጉና የሽንት አልቡሚን እንዲያስለኩ ያስታውሳቸዋል፤ ሌላው ወገን ትምህርት ብቻ አግኝቷል። በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ከሁሉም የበለጠ እንቅልፍ የነሣኝ ግን በ2021 የታተመው ነው። ስለ ሥር የሰደደ ሕመም ሳይሆን በቀናት ውስጥ ስለሚደርስ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው፤ ሆኖም ትምህርቱ ለኛም ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ባሉ 6 ሆስፒታሎች የተኙ 6,030 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ፤ ለከፊሎቹ ሐኪሞች ማንቂያ መጣ፣ ለሌሎቹ አልመጣም። በጠቅላላው ማንቂያው የበሽታውን መባባስም፣ እጥበትንም፣ ሞትንም አልቀነሰም። የማስተማሪያ ባልሆኑት ሁለት ሆስፒታሎች ደግሞ ማንቂያ ከተላከላቸው ወገን የሞቱት 15.6 በመቶ፣ ካልተላከላቸው 8.6 በመቶ ሆኑ። ምክንያቱን በእርግጠኝነት የተናገረ የለም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ማንቂያ እንደ መድኃኒት ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ ሳይፈተን አይሰጥም። «ቢበዛ አይጠቅም ይሆናል እንጂ አይጎዳም» የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር ይህንን ጥናት እልክለታለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የመጀመሪያው ማንቂያዬ የጮኸው ሰዓት ከሁሉም ባነሰበት ሰው ጆሮ ላይ ነው። ያ ሐኪም ፊቱ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ሰውየው የመጣው ስለ ሳል ነው፤ በር ላይ ሌሎች ይጠብቃሉ። ማንቂያው ይዞለት የመጣው መፍትሔ ሳይሆን ተጨማሪ ሥራ ነው፤ የድሮ ውጤቶችን ፈልግ፣ ቀመር አስላ፣ ሽንት እዘዝ፣ ደብዳቤ ጻፍ፣ ለሕመምተኛው አስረዳ። ሁሉንም በአንዲት ቀይ መስኮት ጀርባ አሸከምነውና መስኮቱን ሲዘጋ ገረመን።

በተቃራኒው በኩል የኩላሊት ሐኪሙ ተቀምጧል። የሚመጣለትን ይጠብቃል፤ ዘግይቶ ሲመጣለት ያማርራል። እኔም ሳማርር ኖሬአለሁ። መዝገቡ ግን ለሁላችንም አንድ ነው፤ እሱም ሊያየው ይችላል። ማንቂያው ለምን እሱን አያነቃውም?

ይህን ያሰቡ ሰዎች ከኔ በፊት ነበሩ። ሃዋይ ውስጥ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የጤና ድርጅት ኩላሊት ሐኪሞች የሕሙማኑን ውጤት ከመዝገቡ እያወጡ በአደጋ ደረጃ ይለዩና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ለቤተሰብ ሐኪሙ በመዝገቡ በኩል ምክር ይጽፉ ነበር። እነሱ ባወጡት ዘገባ ዘግይተው የሚደርሱ ሕሙማን ቁጥር ቀንሷል። በርሚንግሃም ውስጥ ደግሞ የላብራቶሪውን ውጤት በግራፍ አድርገው፣ የሠለጠነ ባለሙያ በየጊዜው ግራፎቹን ያያል፤ ቁልቁል የሚወርድ ካገኘ ግራፉ ራሱ ለሐኪሙ ይላካል። እኔ በብዙ ቁጭት ወረቀት ላይ የሳልኩትን እነሱ የሥራ ልማድ አደረጉት። ምሥራቅ ለንደን ላይ የጤና ጣቢያዎቹ ሶፍትዌር ኢጂኤፍአራቸው የወደቀባቸውን ሰዎች ዝርዝር እየለየ ያወጣል፤ ዝርዝሩ የሚታየው በሰከነ ሰዓት ነው፣ ሕመምተኛ ፊት አይደለም። ጥያቄ ካለ የኩላሊት ሐኪሙ በጋራ መዝገቡ ላይ አይቶ በጽሑፍ ይመልሳል። ከሁለት ወር በላይ ይወስድ የነበረው የስፔሻሊስት ምክር በዚህ መንገድ ወደ ሳምንት ገደማ ወረደ። ብዙዎቹም ክሊኒክ መምጣት ሳያስፈልጋቸው ቀረ፤ ምክሩ ራሱ በቃቸው።

ሁለተኛውን ሥራችንን የሠራነው ከዚህ ተምረን ነው። በመጀመሪያ ለወራት ያህል ድምፅ አልነበረውም። ማሽኑ ማንን እንደሚጠራ ይጽፋል፤ ለማንም አይልክም፤ እኛ ተቀምጠን ትክክል መሆኑን እንፈትሻለን። ጀማሪ ቡድኖች ሁልጊዜ የሚዘሉት ይህንን ደረጃ ነው። አሰልቺ ነው፣ ለአለቃ የሚታይ ነገር የለውም። የተቅማጡን ወጣት ያስወጣነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከ3 ወር በላይ የተራራቁ ቢያንስ ሁለት ውጤቶች ካልታዩ ማሽኑ አይናገርም አልን። እጥበት ላይ ያሉትን፣ የተተከለላቸውን፣ ክትትል ያላቸውን አወጣን። የመድኃኒትንም ጣጣ ያየነው ያን ጊዜ ነው። ኤሲኢ ኢንሂቢተር የሚባለው የግፊት መድኃኒት ወይም ዳፓግሊፍሎዚን ሲጀመር ኢጂኤፍአር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ የሚጠበቅ ነው። ማሽኑ ያንን «ውድቀት» ብሎ ቢጮህ ሐኪሙ ደንግጦ የሚጠቅመውን መድኃኒት ያቋርጣል። የዓለም አቀፉ የኩላሊት ድርጅት፣ የኬዲጎ፣ መመሪያ ኤሲኢ ኢንሂቢተር በተጀመረ በ4 ሳምንት ውስጥ ክሪያቲኒን ከ30 በመቶ በላይ ካልጨመረ መድኃኒቱ ይቀጥል ይላል። እኛም ይህንኑ ገደብ አስገባን።

ማንን እንላክ የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኢጂኤፍአር ከ30 በታች፣ ወይም የሽንት አልቡሚን በግራም 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ የቀጠለ፣ ወይም በፍጥነት የሚወርድ አቅም፤ እነዚህ የታወቁ መነሻዎች ናቸው። የ2024 የኬዲጎ መመሪያ በዚህ ላይ የአደጋ ስሌትን ጨምሯል። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2011 የታተመ ቀመር አለ፤ አራት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ኢጂኤፍአርና የሽንት አልቡሚን። ሰውየው በሚቀጥሉት 5 ዓመታት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ላይ የመድረስ ዕድሉን በመቶኛ ይነግራችኋል፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲደርስ ስፔሻሊስት ቢያየው ይላል መመሪያው። የ85 ዓመቱ አዛውንት በዚህ ስሌት ቤታቸው በሰላም ይቀመጣሉ። ኢጂኤፍአሩ 58 ሆኖ ሽንቱ በፕሮቲን የተሞላ የ40 ዓመት ሰው ግን ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይመጣል። አሮጌው ማንቂያዬ ሁለቱን እኩል ይጮህባቸው ነበር።

ስሌቱን ልንጀምር ስንል ግን ተደናቀፍን። ከአራቱ አንዱ የለም። ስኳርና ግፊት ያለባቸው፣ ደማቸው በየጊዜው የሚመረመር ሰዎች፣ የሽንት አልቡሚናቸው ተለክቶ አያውቅም። መዝገቡን ስታገላብጡ ባዶ ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ ሐኪሙ የምናሳየው ማንቂያ ስለ ሪፈራል ጨርሶ እንዳይሆን ወሰንን። ቀይ መስኮቱን አስወግደን፣ ለሌላ ምርመራ ትእዛዝ በሚጻፍበት ገጽ ላይ አንዲት መስመር አስገባን፤ «የሽንት አልቡሚን አልተለካም»፣ አጠገቧ ተዘጋጅታ የተቀመጠች ትእዛዝ። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ነጥብ የሚጻፍበት ሣጥን የለም። የቀረውን፣ ማለትም ግራፉን፣ ስሌቱን፣ ማን ይምጣ ማን ይቆይ የሚለውን ፍርድ፣ በየሳምንቱ ዝርዝሩን ወደሚያነብ የኩላሊት ሐኪምና ነርስ ወሰድነው።

ወረፋውን የሚያስተዳድሩ ወዳጆቼ ሁልጊዜ የሚያነሡት ስጋት አለ። ማንቂያ ቢሠራ፣ ክሊኒኩ አይጥለቀለቅም ወይ? ስጋታቸው መሠረት አለው። በብሪታንያ ከ2006 ጀምሮ ላብራቶሪዎች ኢጂኤፍአርን አስልተው ማውጣት ሲለመድ ወደ ኩላሊት ክሊኒክ የሚላከው ሰው በዝቶ ነበር። በር ላይ የሚቆመውን ሰው ሳንጨምር ደወል ብቻ ብናበዛ፣ የ40 ዓመቱ ሰው ከማያስፈልጋቸው ሰዎች ኋላ ተሰልፎ ስድስት ወር ይጠብቃል። ለዚህ ነው በጽሑፍ የሚሰጠው ምክር የዚህ ሥራ ግማሽ አካል የሆነው፤ ስፔሻሊስቱ ሁሉንም አያይም፣ ሁሉንም ያነባል።

አሁን የራሴን ሐሳብ የሚፈታተነውን ልናገር፤ እኔ ካልተናገርኩት ከእናንተ አንዱ ማንሣቱ አይቀርም። ስፔሻሊስቱን ማንቃት ይሻላል እያልኩ ነው። ፒትስበርግ ላይ በ1,596 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2024 የታተመ ኪድኒ ቻምፕ የተባለ ሙከራ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ፈትኗል፤ ኩላሊት ሐኪሞች ሳይጠየቁ በመዝገቡ በኩል ምክር ሰጡ፣ ፋርማሲስቶች መድኃኒቱን ገመገሙ፣ ሕሙማኑ ትምህርት አገኙ። የኩላሊት አቅም መውደቁን ግን ከተለመደው ሕክምና በተለየ አላዘገየውም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ 11,182 ሰዎች የነበሩበት፣ በመዝገብ ስሌትና በአስተባባሪዎች እየታገዘ ሆስፒታል መተኛትን ለመቀነስ ሞክሮ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተኙት እገዛው ከደረሳቸው 20.7 በመቶ፣ ከሌሎቹ 21.1 በመቶ ሆነው ቀሩ።

እኔ እነዚህን ጥናቶች ሁለት ጊዜ አንብቤአቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ተናድጄ፣ አንድ ጊዜ ሰክኜ። ኩላሊት የሚደክመው በዓመታት ነው፤ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል አጭር ነው። ያ ግን ማስተባበያ ሊሆነኝ አይገባም። ምክር ተጽፎ መድኃኒቱ ካልታዘዘ፣ ታዝዞ ካልተገዛ፣ ተገዝቶ ካልተዋጠ ማንቂያው በማንም ኩላሊት ላይ ምንም አላደረገም። ስለዚህ ስንት ሪፈራል ተጻፈ ብለን መቁጠር ትተን አሁን ሌላ እንቆጥራለን፦ የሽንት ምርመራው ተደረገ? መድኃኒቱ ተጀመረ? እጥበት ከጀመሩት መካከል ስንቶቹ በካቴተር ጀመሩ? ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ የኩላሊት ሐኪም ያያቸውስ ስንቶቹ ናቸው? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቶሎ አይቀየሩም፤ ግን እነሱ ናቸው እውነቱን የሚናገሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ማሽኑ በምንም መንገድ አያየውም፤ ደም ሰጥቶ የማያውቀውን ሰው። መዝገብ የሌለው ሰው ቁልቁለት የለውም። እሱን የሚያገኘው ሌላ ሥራ ነው፣ የዛሬው አይደለም።

አዲሱን ሥርዓት ከመክፈታችን በፊት ወደ ኋላ አስኬድነው፤ በድሮ መዝገቦች ላይ። የመጀመሪያ ፈተና ያደረግኩት የእኚያን እናት መዝገብ ነው። ማሽኑ ስማቸውን ያወጣው ድንገተኛ ክፍል ከመድረሳቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ እኔ ስለ ጉልበታቸው ካወራሁበት ቀን በፊት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይነት ነው፤ ለእርሳቸው አልጠቀመም። ስክሪኑን ዝቅ ሳደርግ ግን ከእርሳቸው ስም በታች ሌሎች ስሞች ነበሩ፤ ያው ቁልቁለት፣ ገና ያላለቀ። አጠገቤ የነበረችው ነርስ ዝርዝሩን አየችና «ለእነዚህ ነገ ጠዋት የሚደውልላቸው ማን ነው?» አለችኝ። ሶፍትዌሩን ስንሠራ ያንን ያልጻፍነው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ስልኩን አነሣችና የመጀመሪያውን ስም ደወለች።